በደከመ ድንጋይ የተሰማው ካሴትህ

ለምወድህ የልጅ ልጄ ለቃለአብ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፤ ተቀምጠህ ከሆነ ተነሥ፤ መግለጫ የሚሰማው በክብር ነው። በመንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ በስተምሥራቅ በምትገኘው መንደራችን፣ በጎረቤታችን በጫኔ ቤት ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ድመቲቱ በሰላም ተገላግላለች። ግልገሎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ግራጫ ሲሆኑ አራተኛው ማንን እንደመሰለ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እየመከሩበት ነው። አባት የተባለው እስከ ዛሬ ቀርቦ ቃሉን አልሰጠም። የእኛ ቤት ድመት በነገሩ የለበትም ብለን እኔና አያትህ በአንድ ድምፅ አስተባብለናል። መግለጫው እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እንደምን ሰነበትክ ልጄ? ሰውነትህ፣ እንቅልፍህ፣ ምግብህ እንደምን ነው? ጉሮሮህስ? የአዲስ አበባው ብርድና የአዲስ አበባው ጋዜጣ እንዴት አድርገው ያዙህ? ጠጉርህንም እንደምን ነህ በልልኝ፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ካየሁት ወዲህ እሱም እንደ አንድ ቤተ ዘመድ ለብቻው ሰላምታ የሚገባው ሆኖ ታይቶኛል። እኛ ከጉልበቴ፣ ከአያትህ ከጥሩሸዋ ምላስና ከአንተ ናፍቆት በቀር የሚያመን የለም፤ ለሦስቱም እስካሁን መድኃኒት አልተገኘም። በልጉ ዘንድሮ ደግ ነው። ገብሱ ሊያሸት ተቃርቧል፤ በጎቹም አላሳፈሩንም።

በቁጣ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶኛል። በውስጡ ያጠፍካትን የጋዜጣ ቁራጭም አግኝቻታለሁ። ከእንግዲህ ዘፈን በቃኝ፣ ጊታሬን ሸጬ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ፣ ሰው ፊት የምቀርብበት ዓይን የለኝም፣ አገር ቤትም አትጠብቁኝ ብለሃል። ጊታሩን ሳትሸጥ ይህን ወረቀት እስከ ታች አንብበው። ገዢው በር ላይ ቆሞ ከሆነም ሻይ ጋብዘህ አስቀምጠው፤ እኔ ወሬ ሳሳጥር አታውቀኝም። ካሴትህ እዚህ እንዴት እንደተሰማ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ከሁሉም በላይ እናትህ ምን እንዳለች በቅደም ተከተል ላጫውትህ ነው።

ካሴቱ የደረሰን በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነበር። ይህን ሳታስብ መላክህ ምን ያህል ከተሜ እንደሆንክ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን ሰቅላ፣ ጸናጽሏን አስቀምጣ፣ በመቋሚያ ብቻ በምታዜምበት ወራት የአንተ ጊታር በየት በኩል ይጩህ? አያትህ ካሴቱን ተቀብላ ሳመችውና ከሣጥኗ፣ ከዓመት በዓል ቀሚሷ ሥር ከታ ቆለፈችበት። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔን ታውቀኛለች።

ታዲያ መስማት ተከለከለ እንጂ መፍረድ አልተከለከለም። የወረቀት ሽፋኑን ብቻ ለምኜ አስወጣሁ። ጾሙን ሙሉ መንደሩ እየመጣ ፎቶህን አየ፤ አይቶም ስለ ዘፈኖቹ ፍርዱን ሰጠ። ጫኔ ጠጉርህን ከተመለከተ በኋላ በግ እንኳ ወቅቱን ጠብቆ ይሸለታል፣ ይህ ልጅ ማቆሚያ አያውቅም፣ ዘፈኑም ረጅም ነው አለ። አያትህ አንገትህ መክሳቱን አይታ በሙሉ የራብ ዘፈን ነው ብላ ደመደመች። ዜማ ያስተማሩህ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ደግሞ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት፤ ከዚያም አፉ ከሚገባው በላይ ተከፍቷል፣ በዚህ አከፋፈት የሚወጣ ዜማ የለም አሉ። እኔም ከማንም አላንስም፤ ስለ ሰባተኛው ዘፈን ጥልቀት ለመጣው ሁሉ ሳስረዳ ከረምኩ። ሰባተኛ ዘፈን እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ሽፋኑን ያላየች እናትህ ብቻ ናት። የትምወርቅን ታውቃታለህ፤ የአብራኬ ክፋይ ብትሆንም ዝምታዋን ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፣ ከእኔም ከእናቷም እንዳልሆነ ግን አገር ይመሰክራል። አባትህ ካረፈ ወዲህ እኛው ጋ ስትኖር ተስፋዋ አንተ ነበርክ። እጅህን ይዛ ወስዳ ለመሪጌታ የሰጠችህ ዲያቆን ትሆንልኛለህ ብላ ነው። ከነጎድጓድ ባንድ ጋር ሆነህ ያወጣኸውን የመጀመሪያውን ካሴት ይዘህ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንዱን ዘፈን እንኳ ሳትጨርስ፣ ልጄን በርሜል ውስጥ ከተው ከውጭ ይደበድቡታል ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈንህ በቤታችን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። አሁን ከባንዱ ተለይቶ ብቻውን ዘፍኗል ስላት እንዝርቷን አቁማ፣ "ከበርሜሉ ወጣ?" አለችኝ። ወጥቷል አልኳት። እንዝርቷን እንደገና አሾረችው።

ፋሲካ መጣ፤ አንተ አልመጣህም። ለዳግም ትንሣኤ ሣጥኑ ተከፈተና ጫኔ ቴፑን በጀርባው አዝሎ ከች አለ። የባትሪ ድንጋዮቹ ከገና ጀምሮ የሠሩ፣ ጾሙን ሙሉ ቴፑ ውስጥ ተኝተው የከረሙ ነበሩ። ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቶ ትንሽ ነፍስ ዘርቶባቸዋል። ቤቱ ሞላ። መሪጌታም መጡ። የመጡት ለመስማት ሳይሆን ያስተማሩት ድምፅ ምን ያህል እንደተበላሸ ለመመርመር መሆኑን ገና ከደጃፉ አስታወቁ፤ ለምርመራውም ከቴፑ አጠገብ ያለችውን መደብ መረጡ።

የሰማነውን ልንገርህ። ድምፅህ ወፍራም ነበር። ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ በየቃሉ መሐል አረፍ ይላል፣ ዞር ብሎ አገሩን ያያል፣ እንደገና ይቀጥላል። ጊታሩ በገና ይመስል ነበር። ሁላችንም ተያየን። አያትህ ልጁ በስሏል ብላ እንባዋን ጠረገች። ጫኔ በአንድ ዓመት የአርባ ዓመት ሰው ወጣው ብሎ ተደነቀ። መሪጌታማ የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው ከመቀመጫቸው ተነሡና ልክ በፊታቸው ቅኔ እንደተዘረፈ "ይበል! ይበል!" አሉ። ያቺን ቃል ከእሳቸው አፍ እንሰማለን ሲሉ ስንት ተማሪዎች ቅኔ ቤታቸው ውስጥ ጢም እንዳበቀሉ አንተም ታውቃለህ።

እናትህ ከመሐላችን አልነበረችም። ጓዳ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች። አምስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ሁሉ ጠፍቶ አንተ ብቻህን ከጊታርህ ጋር ቃል የሌለባትን ዜማ ታንጎራጉራለህ አይደል? አዝላህ ስትፈትል የምታንጎራጉራት ዜማ መሆኗን ገና ስትጀምር አወቅሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቅሁ። የትምወርቅ ፊቷ አልተለወጠም፤ እንዝርቷ ግን ከዘፈንህ እኩል ይዞር፣ ከዘፈንህ እኩል ይወርድ ነበር። ዘፈኑ አለቀ፤ የካሴቱም ፊት አለቀ፤ ድንጋዩም ከዚያ በኋላ ነፍሱ ወጣ። ጀርባውን ሳንሰማ ተበተንን። እናትህ ክሯን ጠቅልላ ወጣችና "ደህና ነው" አለች። ለአንተ ይሁን ለክሩ አልጠየቅኋትም።

ደብዳቤህ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። እኛ እዚህ ደረታችንን ነፍተን ስንሄድ አንተ እዚያ ተዋርጃለሁ ትላለህ። እህትህ ወሰንየለሽ የጋዜጣዋን ቁራጭ ጮክ ብላ አነበበችልን። ርዕሱ "ከነጎድጓድ በኋላ ካፊያ" ይላል። ጸሐፊው፣ ያ በነጎድጓድ ባንድ ፊት ቆሞ መድረክ ያንቀጠቅጥ የነበረው ልጅ ያለ ጓደኞቹ ብርድ መትቶታል ይላል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ዘፈኖቹ ይጣደፋሉ፤ በተለይ አምስተኛው ከሁሉም ያማረ ዜማ ይዞ ሳለ ዘፋኙ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው አልፎት ሮጧል ይላል።

ቤቱ በቁጣ ነደደ። እኔ የተነሣሁት በካፊያው ነው። ነጎድጓድ አንድ ዛላ ገብስ አብቅሎ ያውቃል ወይ አልኩ። በግ ያስበረግጋል፣ ጥድ ይሰነጥቃል፣ ይሄዳል። በልግ የሚያበላን ካፊያ ነው፤ ሰውየው ሊሰድብ ተነሥቶ መረቀው አልኩ። ጫኔ ደግሞ ጋዜጠኛው እንደ እኛ ጾም ይዞት ሽፋኑን ብቻ አይቶ የጻፈው ይሆናል አለ። እውነት እንዲያ ከሆነ ልንምረው ነው፤ የራሳችን ሥራ ነው። ያልገባን ግን ቀጭን ነው፣ ይጣደፋል ያለው ነገር ነበር። እንዲያ ያለ ወፍራም፣ እንዲያ ያለ ታጋሽ ድምፅ! የአውቶቡሱ ሹፌር አባይነህም ከዚያ በፊት ሞላሌ ላይ ሲያገኘኝ፣ በነጎድጓድ ካሴት ዳገት እወጣበት ነበር፣ ይህ የአሁኑ ግን ፍሬን የለውም ብሎኝ ነበር። የሹፌር ቀልድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ሁለቱም የሌላ ሰው ካሴት ሰምተው ነው ተባባልን። ስለዚህ ቅዳሜ ጫኔ ከሞላሌ ገበያ አዲስ ድንጋይ ይዞ መጣ። ጋዜጣውን በአንድ እጅ፣ ካሴቱን በአንድ እጅ ይዘን፣ ያንን ሰው ቃል በቃል ልናሳፍረው ተሰበሰብን። እናትህም በዚህ ጊዜ ጓዳ አልቀረችም። ልጇ ተነክቶባታል፤ እንዝርቷን ይዛ መሐላችን ገባች።

አዲሱ ድንጋይ ገባ፤ ቃለአብ ልጄ፣ ከቴፑ ውስጥ ሌላ ሰው ወጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ። አንዱን ቃል ሳይጨርስ ሌላውን ይይዛል። አያትህ ካሴቱ ገበያ ላይ ተለውጧል ብላ ጫኔን አፋጠጠችው፤ ጫኔ ካሴቱ ከዚህ ቤት መች ወጣና ብሎ በማርያም ማለ። ቴፑንም አገላብጦ አየው፣ መታው፣ ጆሮውን ለጠፈበት። በመጨረሻ እሱ ራሱ ነው የደረሰበት። ያ መጀመሪያ የሰማነው ግርማ ያለው ሰውዬ አንተ አልነበርክም፤ የደከመው ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲዝል ቴፑ ተጎተተ፤ ቴፑ ሲጎተት አንተም አብረህ ተጎተትክ። አንድ መንደር ሙሉ ቁጭ ብለን ያደነቅነው የባትሪ ድካም ኖሯል። መሪጌታን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸውም ጣሪያውን ይመረምሩ ነበር።

እንዲህ እየተፋፈርን አምስተኛው ዘፈን ደረሰ። እናትህ እንደ ባለፈው ልትከተልህ እንዝርቷን አሾረች። ወዲያው ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለችው፤ እንደገና ተበጠሰ። አንተም ባና የሚሸመንበት አገር ልጅ ነህና ታውቀዋለህ፣ የበግ ጸጉር እርስ በርሱ እስኪያያዝ ፋታ ይፈልጋል፤ ካጣደፉት አይያዝም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቴፑን እንደ ሰው ትኩር ብላ አየችውና፣ "ይሄን ልጅ ማነው የሚያሳድደው?" አለች።

ዞር ብላ እኔን፣ "አባዬ፣ እዚያ የሚያሳድደው ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው።

ላጽናናህ ብዬ አላታልልህም ልጄ። ጋዜጠኛህ ሰምቷል። አጻጻፉ ክፉ ነው፣ ምላሱን እሾህ ወግቶታል፤ ጆሮ ግን አለው። አውቶቡስ ያመልጠዋል ብሎ የጻፈውና እናትህ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ታዝቦ አለፈ፣ እሷ ደንግጣ ቆመች። ታዲያ ማን ነው የሚያሳድድህ? የነጎድጓድ ልጆች ናቸው? ከእነሱ ከተለየህ በኋላ ያ ሁሉ ከበሮ ከኋላህ የሚመጣ እየመሰለህ ነው? ወይስ እናትህ ናት? ዲያቆን ይሆናል ብላ የጠበቀችህ እናት በዜማዋ ሳትይዘኝ ልለፍ ብለህ ነው? እሷ ከሆነች ልንገርህ፣ እሷ ማንንም አታሳድድም። ቁጭ ብላ ክር ትቀጥላለች።

መሪጌታ ያን ዕለት ሲወጡ የጊታሩን ነገር አጫወትኳቸው። ምርኩዛቸውን ደጃፉ ላይ ተከሉና፣ ቅኔ ቤት ውስጥ ቅኔው ያልተመለሰበት ተማሪ የለም አሉኝ። ሌሊቱን ቅኔውን ሲቆጥርና ሲያበጅ አድሮ ለየኔታ ያቀርባል፤ ቤቱ ጎደለ፣ ምሥጢሩ ሳተ ይባልና ይመለስበታል፤ አኩርፎ ጥድ ሥር ይቀመጣል፤ ኩርፊያው ሲያልቅ እንደገና ይቆጥራል። ከዚያም፣ "ቅኔዬ ተመለሰብኝ ብሎ አኮፋዳውን ሸጦ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም" ብለውኝ ሄዱ። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ዘፈንህ ተመለሰብህ እንጂ አልተጣለም።

ስለዚህ ለጴራቅሊጦስ ና። ከዚያ በኋላ ከመጣህ የሰኔ ጾም ይገባና አያትህ ጊታሩንም ሣጥኗ ውስጥ ትከተዋለች፤ ካልበቃት ሰብራም ቢሆን ታስገባዋለች። ቴፕ አያስፈልግም፤ ድንጋይም አያስፈልግም። እናትህ ትፈትላለች፣ አንተ ከእንዝርቷ እኩል ትጫወታለህ። ክሩ ሳይበጠስ ዘፈኑ ካለቀ፣ ሂድና እንደገና ቅዳው። ያኔም ጋዜጠኛው ካፊያ ነው ቢልህ ተመስገን በል፤ እኛ እዚህ ስለ ካፊያ ምሕላ እንይዛለን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጊታሩን መሸጥ ካማረህ ገዢው እኔ ነኝ፤ ገብሱ ላይ የሚወርደውን ጭላዳ ማባረሪያ ይሆነኛል። ና ብዬ ልጽፍለት ነው ብዬ ለእናትህ ነገርኳት። የበግ ጸጉር ከወትሮው አብልጣ ነድፋ አስቀምጣለች።

አያትህ ጥሩሸዋ ጉንጭህን በሁለቱም በኩል ስማለች፤ መቀሱን ስላ እየጠበቀችህ መሆኑንም እንዳልደብቅህ አዝዛለች። እህትህ ወሰንየለሽ ጋዜጣዋን እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛታለች፤ ሰላምታዋን ካቀረበች በኋላ ስድቡን ካልፈለግህ እኔ ላስቀምጠው ትላለች። ጫኔ፣ ከእነ ድመቲቱ ቤተሰብ፣ ደህና ሁን ይልሃል፤ ቴፑ የእሱ ስለሆነ በሚቀጥለው ካሴት ሽፋን ላይ ስሙ እንዲወጣ ይፈልጋል። እናትህ ሰላም በልልኝ አለች። ሌላስ ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሲበላ ቀስ ብሎ ይብላ በለው አለች።

አሁን ልዝጋ ነው፤ ከመዝጋቴ በፊት ግን ከዚህ ሁሉ አንዲቱን እኔ የፈጠርኳት መሆኗን ልንገርህ። መሪጌታ ይበል አላሉም። እሳቸው ለዘፈን ይበል ሊሉ! መሬቱን አልመቱም፣ አልተነሡምም፤ በዚያ በደከመው ድንጋይ ዕለት ካሴቱ ከተከፈተ ወዲህ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሄዱት። የተናገሩት ቅዳሜ፣ በአዲሱ ድንጋይ፣ በአንተው በሚሮጠው ድምፅ ነው። እናትህ ያንን ከጠየቀች በኋላ የካሴቱ ፊት አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ጫኔ እንዳናፍር ብሎ ካሴቱን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ፣ መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ እንዳስደገፉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ጀርባውስ ባዶ ነው እንዴ?" አሉ።

ገለበጥነው።

አያትህ መኳንንት
መንዝ ማማ ምድር፣ ሞላሌ አጠገብ
ግንቦት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.